ዋጋዋ ሳይቆረጥ የተጸለየላት ፒካፕ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1። ከሰዓት

ዛሬም ዲላ፣ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ሄድኩ። ነጯ ፒካፕ አልተሸጠችም። ተመስገን። አጥበዋታል፤ ጎማዋንም ጥቁር ቀብተውላታል። ወድጃታለሁ። እንዳይነቃብኝ ፊቴን አዙሬ ሌሎቹን አየሁ። ጥግ ላይ የቆመችውን አሮጌ ሰማያዊ ሳይቀር ዞርኳት፣ ጎማዋን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ፣ የማስብ መሰልኩ።

ደላላው ታሪኩ አልተሸወደም። "ዲግሪ መጣች!" ብሎ ጮኸ። በአግሪቢዝነስ መመረቄን ከነገርኩት ወዲህ ስሜ ይኸው ነው። ሰማያዊዋን ተዪያት፣ ያንቺዋ በሩ ጋ ቆማ እየጠበቀችሽ ነው አለኝ። ያንቺዋ! ገና ዋጋ ሳንነጋገር።

የግቢው ባለቤት ጋሽ ከድር (ከእንግዲህ ጋ.ከ. እላቸዋለሁ፣ እጄ ቸኩሏል) ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ረመዳን ነው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ አሉ። ስምንት መቶ አልኩ። እንደ ሕፃን ቆጥረው አዩኝ።

"የኔ ልጅ፣ ጾም ላይ ነኝ። በጾሜ አልዋሽም፤ አንቺም አታድክሚኝ።"

አንድ ሚሊዮን አልኩ። ሃያ ሺህ ቀነሱ። ሃያ!

ስሚ ደብተሬ፣ ይህን የማወራው ላንቺ ብቻ ነው። አባባ አገራችን ቡሌ፣ ደጋው ላይ ያለውን ባህር ዛፍ በሙሉ ሸጧል። እኔ በተወለድኩ ዓመት የተከለው ነው። የእኔ እቁብ ተጨመረበት። ስም ማዛወሪያና ኢንሹራንስ ሲነሳለት ለመኪና የሚቀረው አንድ ሚሊዮን መቶ ሺህ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳንቲም የለም። የሚሸጥ ዛፍም የለም።

ጋ.ከ. ይህን ማወቅ የለባቸውም። ችግሩ ፊቴ ነው፤ ሁሉን ያወራል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2። ምሳ ሰዓት

ነዳኋት!!!

ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው አስፋልት፣ ታሪኩ አጠገቤ ጋቢና ተቀምጦ። በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ሦስተኛ ማርሽ፣ አራተኛ። መስኮቱን ከፈትኩ። ባጃጆቹን ሁሉ ጥያቸው አለፍኩ። በሐሳቤ ከኋላ ካሶኒው በጎመን፣ በድንችና በቆጮ ሞልቷል፤ ቡሌ ላይ ሰው ሁሉ መጣች መጣች ይላል። የጎረቤታችን የወ/ሮ ዘነበች ጎመን ባለፈው ሳምንት መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቅ በሰበሰ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ሹፌሮቹ ያንን ጭቃ አይደፍሩም። እኔ እደፍረዋለሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ልብም አለኝ። መኪና ብቻ ነው የጎደለኝ።

አንድ ነገር። መሪውን ለቀቅ ሳደርግ ወደ ግራ ትስባለች። ታሪኩ፣ መንገዱ ነው አለ። ስንመለስም ወደ ግራ። እና መንገዱም አብሮን ዞረ ወይ? አልኩት። ሳቀ።

"ሴት ስትይዛት አፍራ ነው፣ ዲግሪ። ትለምድሻለች።"

የቀኝ በሯም ሁለቴ ካልተላተመ አይዘጋም። እሱም ይለምደኛል መሰለኝ።

ይህን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ጻፍኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 4። ማታ

ተናድጃለሁ። ታሪኩ ያመጣው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሯ ሰዓት ናት አለ። ከሥሯ ገብቶ አላያትም። መሬቱ ጭቃ ነው፣ ቱታው አዲስ ነው። መሪውንስ? ስለው የጎማ አየር ነው አለ። ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ፤ ከታሪኩ ጋር ተቃቅፈው የሄዱት እነሱ።

ጋ.ከ. ከጁምዓ ሲመለሱ እንደገና ተቀመጥን። አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሃምሳ አሉ። አንድ ሚሊዮን ከሃምሳ አልኩና ተነሳሁ። ገበያ ላይ እንደሚደረገው፣ ትቼ እንደምሄድ። እስከ በሩ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ቆሜ የጫማዬን ጭቃ ጠረግኩ። አሁንም ማንም። ምን ላድርግ? ስልኬን ረስቼ ነው ብዬ ተመለስኩ።

ስልኬ እጄ ላይ ነበር።

ታሪኩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጋ.ከ. ግን አልሳቁም። መሬት መሬት እያዩ፣ በቃ አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ፣ ለልጅነትሽ ስል አሉ። ሃምሳ ሺህ በአንድ ጊዜ! እንግዲህ ይወርዳሉ ማለት ነው። ይቻላል ማለት ነው!

ነገ አባባ ከቡሌ ይመጣል። አባባ ሽማግሌ ነው፤ ቤ/ክ ውስጥ የተጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። ዝም ብሎ አጠገቤ ቢቀመጥ ብቻ ጋ.ከ. ያፍሩታል። አንድ ነገር ብቻ በስልክ አስጠነቀቅኩት፦ አባባ፣ መኪናዋን እንደወደድናት እንዳይታወቅብህ። እሺ አለኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5። ከሰዓት

አባባ መኪናዋን እንደወደዳት አልተናገረም። ጸለየላት።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ግቢ ገባን። ባርኔጣውን አወለቀ። ጋ.ከ. ከወንበራቸው ተነስተው፣ አባታችን ይቀመጡ አሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና አወሩ። ጥሩ እየሄደልን ነው። በልቤ፦ እንዲህ ነው አባባ፣ ቀስ በል፣ ዝም በል። በድንገት ተነስቶ ወደ መኪናዋ ሄደ። አንዴ ዞራት። ካሶኒውን በመዳፉ ዳበሰ። ኮፈኑ ላይ ሁለት እጁን ጫነና ዓይኑን ጨፈነ።

ምን ላድርግ? ማን አባቱን ከጸሎት ያቋርጣል?

በጌዴኦኛ ጀመረ። በዚያው ቢጨርስ ምን ነበረበት። ግን አባባ ሰው አክባሪ ነው፤ የንብረቱ ባለቤት አጠገቡ ቆሞ በማይገባው ቋንቋ መጸለይ ነውር መሰለው። ወደ አማርኛ ዞረ። ድምፁንም ከፍ አደረገ።

"ጌታ ሆይ፣ ይሄን መኪና ለልጄ ስለሰጠኸው ተመስገን። ዳገት ሲወጣ ደግፈው፣ ቁልቁለት ሲወርድ ያዘው። የሸጠልንን ወንድማችንንም ባርክልን። የተሰወረ ነገር ካለ ግለጥልን።"

የሸጠልን! አልሸጡልንማ! ዋጋ አልተቆረጠም!

"አሚን" አሉ ጋ.ከ.። ከእኔ ቀድመው። ታሪኩ ደግሞ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ "አሜን!" ካለ በኋላ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ በቃ ተረከባችኋት እኮ ዲግሪ፣ ቁልፉ ብቻ ቀረ አለኝ።

ተመልሰን ተቀመጥን። አንድ ሚሊዮን መቶ አልኩ። የመጨረሻዬን። ጋ.ከ. እኔን አላዩኝም፤ ወደ አባባ ዞሩ።

"አባታችን፣ እግዜር ሰጥቷችሁ አመስግናችኋል። እኔ መሃል ገብቼ ምን እቀንሳለሁ?"

አባባ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ!

አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ላይ ቀጥ። አንድ ብር አልወረዱም። ታሪኩ ከላይ ጨመረበት፦ ከሐዋሳ የሚፈልጋት ነጋዴ አለ፣ እስከ ማክሰኞ ቀብድ ካላመጣችሁ የለችም።

መናኸሪያ ስሸኘው ተቆጣሁት። አባቴን፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ። እሱ ግራ ገባው። ሳናመሰግን እንዴት እንለምናለን፣ ልጄ? አለኝ። ዳቦ ገዝቼ አሳፈርኩት።

አሁን ማልቀስ አምሮኛል። መሳቅም።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ይባስ። ትላንት አባባ ቤ/ክ ውስጥ ተነስቶ መስክሯል። ልጄ መኪና አገኘች ብሎ። ጉባኤው እልል ብሏል። ጠዋት ወ/ሮ ዘነበች ደውለው ለቅዳሜ ጎመን ጭነት ከሁሉ በፊት ተራ ያዙ። ቀጥሎ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አላነሳሁም።

አባባም ደወለ። የጎደለውን ለመሙላት ሁለቱን ላሞች ገበያ ላወጣ ነው አለ። ነገ እስክደውልልህ እንዳታወጣ አልኩት። ለምን አለኝ። እንጃ አልኩ።

እውነቴን ነው፣ እንጃ። የሚያስጨንቀኝ ዋጋው ብቻ አይደለም። ወደ ግራ መሳቧ ነው። ምሳዬን ትቼ አንቺን ገለጥኩና ከማክሰኞ ጀምሮ የጻፍኩትን አነበብኩ። ሞተሯ ሰዓት ናት ያለው ማነው? መካኒኩ። መንገዱ ነው ያለው? ታሪኩ። ጋ.ከ.ስ? ጋ.ከ. ስለ መኪናዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። ደህና ናት አላሉም። ዋጋ ብቻ ነው ያሉት። በጾሜ አልዋሽም ይላሉ፣ አልዋሹምም።

ምክንያቱም አልጠየቅኳቸውም! ይህን ሁሉ ቀን ሃያ ሺህ፣ ሃምሳ ሺህ ስል፣ አንድም ቀን ለእሳቸው ይህች መኪና ምን ሆናለች አላልኩም። ፈርቼ ነው? መልሱ ነጯን መኪና እንዳይወስድብኝ?

እጠይቃቸዋለሁ። ነገ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8። አመሻሽ

ከግቢው መመለሴ ነው።

ቀብዱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ታሪኩ ወረቀቱን አዘጋጅቶ እስክሪብቶ ከፍቶ ጠበቀኝ፤ ፈርሚ ዲግሪ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባለ ንብረት ነሽ አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ወደ ጋ.ከ. ዞርኩ።

"ጋሽ ከድር፣ አባቴ የተሰወረ ነገር ካለ ግለጥልን ሲል አሚን ብለዋል። ጾምም ላይ ነዎት። መኪናዋ ምን ሆና ነው ወደ ግራ የምትስበው?"

ታሪኩ፣ ኧረ ዲግሪ፣ አሁን ይሄ የሚጠየቅ... ብሎ ጀመረ። ጋ.ከ. እጃቸውን ትንሽ ብቻ አነሱ። ዝም አለ። ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

"አልጠየቅሽኝም ነበር" አሉ።

አልጠየቅኩም አልኩ። ይኸው ጠየቅኩ።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ተገልብጣለች። ቁልቁለት ላይ፣ ቡና ጭና፣ በቀኝ ጎኗ። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ አሉ። ሻንሲዋ፣ ሁሉን የሚሸከመው የሥር ብረት፣ ተሰብሮ ተበይዷል፤ ከላይ ቀለም ተቀብቷል። ለከተማ ሥራ ምንም አይላትም። ቃላቸውን ሲጨርሱ ትከሻቸው ወረደ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

"ለቡሌስ?"

"ለቡሌ መንገድ ለገዛ ልጄም አልሰጣትም።"

ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ። ከወደድሻት በዘጠኝ መቶ ሺህ ውሰጂያት፣ ግን ከዲላ አታውጫት አሉ። ዘጠኝ መቶ! ላሞቹ ሳይሸጡ። ብር ሁሉ ተርፎን። ነጭ፣ የታጠበች፣ ባጃጅ ሁሉ የሚያፍራት። አንድ ደቂቃ ያህል፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ወሰድኳት። በሐሳቤ ወሰድኳት። ቡሌም ቀስ ብዬ እወጣለሁ አልኩ፣ ብየዳው ይችላል አልኩ። አባባ ጋቢና አጠገቤ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ታየኝ። በእሱ በኩል ያለው በር ሁለቴ ካልተላተመ የማይዘጋው ነው።

እስክሪብቶውን መለስኩ።

ታሪኩ ራሱን ያዘ፣ ኮሚሽኑ ዓይኑ እያየ በረረ። "እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ እኮ፣ ማን ጠየቀኝ!" አለ። ሳቅኩ። ጋ.ከ. እንኳ ሳቁ። ስወጣ ጠሩኝ፦ የዚህን ግቢ መኪና ሁሉ አውቃለሁ፣ የምትጠይቂው ካለሽ ከኢድ በፊት ነይ። ቀልዳቸውን ነው መሰለኝ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ለአባባ ደወልኩ። የፈራሁት ይህን ነበር። ጉባኤው ፊት መስክሮ፣ ጌታ ሰጠን ብሎ። ሁሉንም ነገርኩት። በስልኩ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ከዚያ፦

"እኔ እኮ ሁለት ነገር ነው የለመንኩት፣ ልጄ። አንዱ ቀድሞ መጣ፤ የተሰወረው ተገለጠልን።"

እሑድ ተነስቶ ይህንንም ይመሰክራል። ለወ/ሮ ዘነበች እኔ እደውላለሁ፤ ቅዳሜ መኪና የለም፣ ጎመኑን አይቁረጡ እላቸዋለሁ። ላሞቹ አይሸጡም።

ወስኛለሁ። ነገ ጠዋት ግቢው እመለሳለሁ። ከሰማያዊዋ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ምን እንደሆነች እጠይቃለሁ፤ ዋጋ ከዚያ በኋላ። ሰማያዊዋ ካልሆነች ቀጥሎ ያለችውን፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ።

አባባ ልምጣ አለ። ና አልኩት። ግን ጸሎቱን በልብህ፣ ዋጋ እስኪቆረጥ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ አልኩት።

እሺ አለኝ። ያን ጊዜም እሺ ብሎኝ ነበር።