የዒዳዬ ወፎች

ከሚሴ፣ ጥር

ባቲ ላለችው አብሮ አደጌ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ የኔ ዓለም። ፈያ? ነጋ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ፍየሎቹ ሳይቀሩ እንዴት ከረሙ? የእናትሽ ጉልበትስ ተሻላቸው ወይስ አሁንም ከመደቡ በተነሱ ቁጥር «ያረቢ» እያሉ ነው? ወንድምሽስ? ከኮምቦልቻዋ ጋር ከተፋታ ወዲህ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሻይ እየጠጣ፣ ስለ ትዳር ሲያነሱበት «ይደረስበታል» ይላል ሲሉ ሰማሁ። እሱን የጠየቅሁት ለሰላምታ ነው፤ ሌላ ነገር አትፈልጊበት።

እኔን ካልሽ አልሃምዱሊላህ፣ ራሴን እንኳ አላመመኝም። መቀመጥ ግን አቃተኝ። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ስነሳ ስቀመጥ ነው፤ አንዴ ቧንቧውን ለማየት፣ አንዴ በሩን ለማየት፣ አንዴ ደግሞ እንዲሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ለምን አትደውይም ትዪኝ ይሆናል። የራሴዋን ስልክ ለቅሶ ሰሞን ውሃ ውስጥ ጣልኳት። የባሌ የኑርሁሴን ስልክ እኔ ዘንድ ነው፤ ሲሙን ግን ታላቅ ወንድሙ አያ ሙሀመድአሚን የበሬ ደንበኞች ይደውሉበታል ብሎ አውጥቶ ወሰደው። ለኔ የቀረልኝ ካሜራው ነው።

ለቅሶ ስትመጪ አይተሽኛል። ከዚያ ወዲህ ከበር አልወጣሁም። ኑርሁሴን፣ አላህ ይርሃመውና፣ ከሰንበቴ ገበያ በሬ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ከተገለበጠበት ቀን ጀምሮ ዒዳ ላይ ነኝ፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። አፍ ላይ ቀላል ነው። ኩል የለ፣ ሂና የለ፣ ሽቶ የለ፣ ገበያ የለ። ታውቂኛለሽ፣ ከጨፋ ሮቢት ጤፍ ገዝቼ ለባቲ ሰኞ ገበያ የማደርስ ሴት ነበርኩ። አሁን መንገዴ ከመኝታ ቤት እስከ ጓሮ ነው። የታሰረች ጊደር እንኳ ገመዷ ከዚህ ይረዝማል።

ኑርሁሴንን ወድጄው ነበር፤ ይህን ካንቺ አልደብቅም። ስንጋባ ልቤ ሌላ ቦታ እንደነበር የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አባቴ ቃል ሰጥቶ ነበርና እኔ ዝም አልኩ፤ መናገር የነበረበትም ሰው አልተናገረም። ካሜራውን አንግቶ መጥቶ ሠርጌን አነሳ። አልበሙ ሲመጣ ኑርሁሴን በየፎቶው ላይ ትከሻው ብቻ ወጥቶ አየና፣ ይሄን ፎቶ አንሺ ምን በድዬው ነው ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፣ ክፋት አይታየውም። አላህ ልጅ አልሰጠንም፤ በዚህ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ይናፍቀኛል።

ስልኩን መጀመሪያ ስከፍተው ያገኘሁት የበሬ ፎቶ ብቻ ነው። ቀንድ፣ ሻኛ፣ ጥርስ፤ ለገዢ የሚልካቸው። በአንዱ ጥግ ላይ ጣቱ ሳያውቀው ገብታለች። ያቺን ጣት ሳይ አልቅሼ ዘጋሁትና ብዙ ቀን አልነካሁትም።

ወፎቹ የመጡት ኅዳር ላይ ነው። ጓሮዬን ታውቂዋለሽ፤ ፓፓያዎቹ፣ ዘይቱኑ፣ ከግንቡ ሥር የሚያንጠባጥበው ቧንቧ። አንድ ጠዋት እርጥቡ መሬት ላይ ቀጭን፣ ግራጫና ነጭ ወፍ ጭራዋን እየነቀነቀች ትሮጣለች። አንድ ቦታ ላይ አትረጋም። ትሮጣለች፣ ጭራዋን ትነቀንቃለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። ይቺስ ቁርጥ እኔን ናት አልኩ። አማቴ እቴ ዓፊያ ዐይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው ድምጿን ብቻ ሰሙና፣ የበጋ እንግዳ ናት፣ ባሕር ማዶ ብርድ ሲጠናባት ትመጣለች፣ በልግ ሲጥል ትመለሳለች አሉኝ። ሰው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ እሷ ባሕር ትሻገራለች። ቀናሁባት ወላሂ።

ላነሳት ብል ሥራ ሆነብኝ። ስጠጋት ትበራለች፤ ከሩቅ ሆኜ በስልኩ ሳቀርባት ጭጋግ ትሆናለች። መቀመጥ የማልችለዋን ሴት ወፍ መቀመጥ አስተማረችኝ። የስልኩን ድምፅ አጠፋሁ። ፀሐይን ከኋላዬ አድርጌ ባልዲ ገልብጬ እቀመጣለሁ፣ ክንዴን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ትንፋሼን እይዛለሁ። የሚገርምሽ የሐዘን ልብሴ በጀኝ፤ ጥቁሩን ለብሼ ግንቡ ጥላ ውስጥ ስቀመጥ ወፎቹ ልብ አይሉኝም። ያን ቀይ ሻሼን አስሬ በምውልበት ጊዜ አንዷም እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም። ከዚያች በኋላ ሰማያዊዋ መጣች፤ ስትቀመጥ እዚህ ግባ አትባልም፣ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ያስደነግጣል። ሁድሁድም መጣ፤ ለነቢዩ ሱለይማን ወሬ ያመጣው ወፍ። ጉትያውን ዘርግቶ፣ በረጅም አፉ መሬቱን እየወጋ፣ እኔን ከቁብም ሳይቆጥረኝ።

የአያ ሙሀመድአሚን ቤት ከኛ ጋር ግንብ ለግንብ ነው። ሚስቱ ዓዲላ በየማለዳው ስልክ ይዤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ታየኛለች። ወፎቹን አዋራቸዋለሁ እኮ፤ ሌላ ማንን ላዋራ? እሷ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ፣ የወንድምህ ሚስት በዒዳዋ ከወንድ ጋር ታወራለች ብላ ለባሏ ነገረችው። ፊቱ ጠቁሮ መጣና ስልኩን ተቀበለኝ። ሲሙ የራሱ ደረት ኪስ ውስጥ እንዳለ አላስታወሰም፤ እኔም ተናድጄ ስለነበር አላስታወስኩትም። ማገላበጥ ጀመረ። ወፍ። ወፍ። የወፍ ጭራ። ባዶ ቅርንጫፍ። ደግሞ ወፍ። ከዚያ የወንድሙ በሬዎች መጡ፣ ጥጉ ላይ ያቺ ጣት። እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ስልኩን ግንቡ ላይ አስቀምጦ ዐይኑን በፎጣው ጫፍ ጠረገና ሄደ።

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በኛ ዘንድ የሟች ሚስት ሜዳ ላይ አትቀርም ተብሎ ወንድሙ ይወርሳታል፤ እሱም እንደ ግዴታው ቆጥሮታል። ሃይማኖቱን ስለሚያውቅ፣ ዒዳ ላይ ያለችን ሴት በግልጽ መጠየቅ ስለማይፈቀድ፣ አንድ ቃል አልወጣውም። ብቻ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ ለጣሪያው «የወንድሜ ቤት አይፈርስም» ይለዋል፣ ይሄዳል። ቆርቆሮው እንኳ ገብቶታል። የፊታችን ሐሙስ ዒዳዬ ያልቃል። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ።

አልፈልግም። አያ ስል የኖርኩትን ሰው ባሌ ማለት አልችልም። ግን አልፈልግም ማለት እነሱ ዘንድ መልስ አይሆንም፤ ሐዘኑ አልወጣላትም፣ አፍራ ነው ይሉና ኒካሑን ያስሩታል። ከዚያ በኋላ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ እህል እምቢ ይለኛል፤ ማለዳ ባልዲው ላይ ቁጭ እስክል ድረስ ሰው አልሆንም።

ለእቴ ዓፊያ አልነገርኳቸውም። ልጃቸው ነው፣ ምን ብዬ? እሳቸው ግን ያላዩትን ይሰማሉ። በቀደም ቧንቧው ዳር ፀሐይ ሲሞቁ ስቁነጠነጥ ሰምተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እሳቸውም ተወርሰው እንደነበር ያን ጊዜ ገና ሰማሁ። አያ ሙሀመድአሚን የመጀመሪያው ባላቸው ልጅ ነው፣ ኑርሁሴን የወራሹ።

«እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አሉኝ። «አንቺን ግን እኔ ልጠይቅሽ። ልብሽ እዚህ ነው?»

ብድግ አልኩ። መነሳቴንም ሰሙት።

«እንግዲያው ስሚኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። በዒዳ ኒካሕ ማሰር ሀራም ነው፤ መጠቆም ግን ወንጀል የለበትም። ሌላ ጠያቂ ቀድሞ ደጄ ላይ ከቆመ ደግሞ፣ ልጄ በሰው ጥያቄ ላይ ጥያቄ አይደርብም። እኔ ነኝ ያሳደግሁት።»

እርስዎን ለማን ትቼ አልኳቸው። እጄን ያዝ አደረጉና፣ የባቲ ሙቀት ለወገብ መድኃኒት ነው ሲሉ እሰማለሁ አሉኝ። በዚህ ነገር ባቲ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ወላሂ። እዚያው እግራቸው ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ካለቀስኩ ደግሞ ሰንብቼ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ማን እንዳመጣልሽ አሁን ሳታዪ አልቀረሽም። አዎ፣ ዓዲላ ናት፤ ያቺው ዓዲላ። ከዚያ ከስልኩ ነገር በኋላ ሰላምታ እንኳ ነስቻት ነበር። አንድ ማለዳ በግንቡ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ እስቲ ሰማያዊዋን አሳዪኝ አለችኝ። ልነፍጋት ነበር፤ ግን ጠዋት ሙሉ አድፍጬ ያገኘኋትን ለሰው ማሳየት እኔም አምሮኝ ነበር። ስልኩን ሰጠኋት። ብዙ አየቻት። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «እኔ እኮ ወንድ ይኖራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር» አለችኝ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ለካ ስታሳጣኝ የነበረው ጠልታኝ አልነበረም፤ ጣውንት እንዳልሆንባት ፈርታ ነው። እኔ በኔ ጭንቀት ታውሬ፣ ከግንቡ ወዲያ ሌላ ሴት እንደኔው ቅዳሜን እየፈራች እንደምታድር ልብ አላልኩም ነበር። ሰኞ ቅቤ ይዛ ባቲ ስለምትወጣ፣ ደብዳቤ ታደርሺልኛለሽ ወይ አልኳት። ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ምን እንደሚል አልጠየቀችም። ገበያው እስኪፈታ እዚያው ናት፤ ሻይ አጠጫት፣ ደክሟታል።

በወረቀት የጠቀለልኩት ሚሞሪ ካርዱ ነው። ወንድምሽ ፎቶ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ይክፈትልሽ። ሰማያዊዋን ለዓዲላ በትልቁ አሳጥቢልኝ። ሁድሁዱ ደብዝዞብኛል፤ ባለሙያ ነውና ምን እንዳጠፋሁ አይቶ ይንገረኝ። ጭራ ነቅናቂዋ ብዙ ናት፣ እንዳይስቅብኝ። በሬዎቹን ግን እንዳትሰርዙ አደራ።

እንግዲህ አላህ ልጆችሽን በወግ በማዕረግ ያሳድግልሽ። የእናትሽን ጉልበት ያጽናልኝ፣ የባለቤትሽን መንገድ ያቅናልኝ፣ ደጃችሁን ሰላም አያሳጣው። በዱዓሽ አትርሺኝ፤ በተለይ በዚህ ሳምንት አትርሺኝ።

አብሮ አደግሽ

ልረሳው ነበር። ካርዱ ውስጥ የመጨረሻዋ ፎቶ ላይ ወፍ የለም። ያነሳችኝ ዓዲላ ናት። ወንድምሽን ያቺን ከዓርብ በፊት እንዳያጥባት፣ ለቅዳሜም እንዳያሳድራት ንገሪልኝ።