ለአሥር ሰው የሚከፈት ብልቃጥ

ልጄ ናጅዋ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እዚህ መርሳም ዝናቡ ገብቷል።

በክሊኒኬ ለአዋቂዎች የማጅራት ገትር ክትባት ጀምሬ ነበር። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው፤ ከተከፈተ ግን አያድርም። ሰው አንድ አንድ እያለ ስለሚመጣ የተረፈውን ስደፋ ከሰርኩና ላቆም አሰብኩ።

በገበያ ቀን ሸህ አቡበከር የሚባሉ ገበሬ ከግራና መንደር ብቻቸውን መጡ። ነገሩን ስነግራቸው "እንግዲያው አትክፈቺው" ብለውኝ ወጡ። ቀሩ ስል ከገበያው ዘጠኝ ሰው አስከትለው ተመለሱ። እሳቸው አሥረኛ ሆነው ተከተቡ። አሁን የምከትበው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ የሚደፋም የለም።

አንቺስ ተከትበሻል? ማዳምሽን ሳትፈሪ ጠይቂያት። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው።

እናትሽ ሲቲ