ከሞቲ ተቃራኒ ወገን

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሞቲ፣ ዛሬ ዕጣ አወጣን። የክርክር ክበቡ ርዕስ ያው ያንተ ነው... ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ መሬት የግል ይሁን ወይስ እንዳለ የመንግሥትና የሕዝብ ይቆይ? እኔ "ይቆይ" ደረሰኝ። ያንተን ወገን ሄመን ያዘች። ሳቅክ አይደል?

ቲቸር ኤልሳቤት በር ላይ ጠራችኝ። "ወንድምህ ብዙ የለፋበት ነገር ነው። ከፈለግህ ልቀይርልህ።" አያስፈልግም አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

መቀመጥ አቃተኝ። ሱሉልታ ላይ ልምምድ ከሚሠሩት ሯጮች ኋላ ኋላ እስከ ከተማው ጫፍ ሄጄ ተመለስኩ። አክስታችን "ደግሞ የት ልትሄድ ነው?" ትላለች። ካንተ ወዲህ እዚሁ ኪራይ ክፍላችን አብራኝ ናት።

የገና ዕለት ጫንጮ፣ እነ አባዬ ቤት፣ አባዬን ያልካቸው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። "የጎረቤታችን ማሳ ለፋብሪካ ሲወሰድ ዋጋውን ማን ቆረጠ? የግሉ ቢሆን ራሱ ይቆርጥ ነበር።" አባዬ ደግሞ፣ "የግሌ ቢሆንማ ታምሜ የተኛሁ ዓመት ሸጬው ነበር። ታዲያ ምን በልተህ ትማር ነበር?" ተኳረፋችሁ። በማግስቱ የተሳፈርክበት ሚኒባስ ተገለበጠ። እኔ አንድ ቀን ልቆይ ብዬ ቀርቼ...

አሁን የአባዬን ነገር ይዤ ባንተ ላይ ልቁም?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ቆምኩ። "መሸጥ ቢፈቀድ ቀድሞ የሚሸጠው የታመመ ገበሬ ነው" አልኩ። ተጨበጨበ። ሄመን ወረቀቷን ታገላብጣለች። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያንተ ነው። ዝም ብል አሸንፍ ነበር። "ወንድሜ ቢኖር ግን..." ብዬ የጎረቤታችንን ማሳ ነገርኳቸው። ለእነሱ ተፈረደ።

አብሮኝ የተመደበው ወንዲ አበደ። "ቆይ፣ የማን ተጫዋች ነህ? በራስህ ላይ ጎል ታገባለህ እንዴ?"

ሄመን አልሳቀችም። "የአባትህንም የወንድምህንም ሰማን። አንተስ ምን ትላለህ?"

ምን እላለሁ?

እሁድ፣ የካቲት 9

አርባህ ወጣ። ጫንጮ ቤቱ በሰው ተሞላ። አባዬ በረቱ ጋ ለብቻ አገኙኝና፣ "እንደተቀየመኝ ሄደ" አሉ። አክስታችን እዚያው ቀረች። ወደ ሱሉልታ ብቻዬን ተሳፈርኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። ውሃ ቀዳሁ። ሻይ ጣድኩ፣ ስኳር በዛበት፣ ጠጣሁት። ዩኒፎርም ለብሼ በሩ ጋ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና ደወልኩ።

"አካም ቡልተን፣ አባዬ? እንዴት አደሩ?"

"ምን ሆንክ?" ደነገጡ።

"ምንም አልሆንኩም። የመሬቱ ሕግ... እንዴት ተብሎ ቢጻፍ ይወዳሉ?"

በስልኩ የከብቶቹ ድምፅ ይሰማኛል። መሬቱን የሚያርሱት እሳቸው፣ የምንከራከረው አንተና እኔ። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናቸው አናውቅም።

"ቆይ፣ ልቀመጥ" አሉ።

ደብተር አወጣሁ።

"ባለቤቱ እሺ ሳይል አይነካ። ጻፍከው?"

"ጻፍኩ።"

"የታመመ ሰው ደግሞ መሬቱን ሳይሸጥ ይታከም። እሱንም ጻፍ። ሞቲ ይሄኛውን አይጠላውም ነበር..."

እሱንም ጻፍኩ። ቀጠሉ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ።