ዶሬሽ የተባልሁበት ቀን

ይድረስ ለልጄ ለቴልማ፣ ሉክሰምበርግ።

አንቺንም፣ በማኅፀንሽ ያለችውን የልጅ ልጄንም እመቤታችን በጥላዋ ትሰውራችሁ። እኛ በዚህ በፖርቱጋል፣ በፔኒሼ ደኅና ነን፤ አባትሽ ዛሬም ሰርዲን ዓሣ እየጠበሰ ጎረቤቱን በጢስ ያፍናል። በደብዳቤሽ የጎደሉትን ሁለት ነጠላ ሰረዞች በእርሳስ ሞልቻቸዋለሁ።

ስሜን ለልጅሽ እንድትሰጪያት አጥብቄ ስለ ጠየቅሁሽ፣ «ልጄን ሕማማት ብዬ አልጠራም» ብለሽ ጽፈሻል። እውነት ነው፤ ዶሬሽ ማለት የእመቤታችን ሕማማት ማለት ነው። ስሙ ወደ ቤታችን እንዴት እንደ ገባ ግን ነግሬሽ አላውቅም። እናቴ እኔን አርግዛ ሳለች፣ አባቴ ከነጀልባው ሦስት ቀን ባሕር ላይ ጠፋ። እርሷም፣ «ባሌን ብትመልሺልኝ፣ ሴት ከወለድሁ በሕማማትሽ እጠራታለሁ» ብላ ተሳለች። በአራተኛው ቀን አባቴ በእግሩ እየሄደ ቤት ገባ። ስለዚህ ስሜ የሐዘን ሳይሆን ሐዘን ያለቀበት ቀን መታሰቢያ ነው።

ይህን ለጎረቤታችን ለኤቴልቪና ባጫውታት፣ «ታዲያ አንቺ ሴትዮ፣ እናትሽ ስለቷን በአንቺ አደረሰች! ያቺ ገና ያልተወለደችው ምን አጠፋች?» ብላ ሳቀችብኝ። አርባ ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁት ሴት ተረትቼ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ።

ስለቱ ደርሷል፣ ልጄ። ደስ ያለሽን ስም አውጪላት። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ስሙን ለምን እንደ መረጥሽው ጽፈሽ አኑሪላት። እኔ የስሜን ደስታ ለአንቺ ለመንገር ሠላሳ አራት ዓመት ዘግይቻለሁ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እናትሽ፣
ማሪያ ዳሽ ዶሬሽ