ስለ ወንዝ ዳሩ ካንጃልና ስለ ጉማን እጅ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለድያን፤

እንደምን ሰነበትክ? የድንበር ጥበቃው ብርድ እንዴት ይዞሃል? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያምህ ጉልበትህስ ተሻለው? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኛ የተራራዋ አምላክ ናንዳ እናታችን ትመስገን፣ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ለሻይ ቤቱ ለባቹ ደውለህ «የቢምላን ክንድ የሰበረ ሰው የዘንድሮን በረዶ አያይም፤ ፈቃድ ጠይቄያለሁ» ማለትህን ሰምተናል። ባቹን ታውቀዋለህ፣ ሆዱ ወሬ አይቋጥርም፤ ጀምበር ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ ያንተን ዛቻ ያወራ ነበር። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት ነገሩን ከእኔ ከታላቅ እህትህ ስማ። እዚያው ነበርኩና።

እህታችን ቢምላ ከኮሌጅ የመጣችው ለካንጃል ዛፎቻችን ነው። ባለ ክንፉን ዘር በጥፍሯ እየሰነጠቀች ታሳየናለች፤ ውስጡ ባዶ። «ዛፎቹ እየተቆረጡ ተራራቁ። የአንዱ አበባ ዱቄት ሌላው ጋ ካልደረሰ ክንፉ ያድጋል እንጂ ፍሬ አይዝም» አለችን። እማ «እንደ አንዳንዱ ወንድ በይኛ!» ብላ በሳቅ ገደለችን። ሙሉ ዘር የተገኘው ወንዙን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ከቆሙት ከሁለቱ ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ነው። ትልቁን ታስታውሰዋለህ፤ ግንዱ ላይ የጥጃ ራስ የሚያህል እባጭ ያለበት፣ አንተና ጉማን እየተፈናጠጣችሁ የምትወድቁበት። ከዚያ እባጭ የሚጠረበው የሻይ ጽዋ ከድንበር ማዶ እንደ ወርቅ ይፈለጋል።

ለከብት ቅጠል ልናጭድ እማ፣ ቢምላና እኔ ሦስታችን ስንወርድ የመጋዝ ድምፅ ሰማን። ጉማን ከሦስት የማናውቃቸው ሰዎች ጋር እባጩን ከግንዱ እየገዘገዙ ነበር። ቢምላ ሮጣ የመጋዙን ጫፍ ያዘች።

«ልቀቂ» አላት ጉማን። «ኮሌጅ ገብተሽ ቅጠል ማንበብ ተማርሽ፤ ሰው ሲናገር መስማት አላስተማሩሽም?»

«ይሄ ከሞተ ማዶ ያለውም መካን ይሆናል» አለችው። አልለቀቀችም።

በሌላ እጁ በያዘው መጥረቢያ ጀርባ ክንዷን መታት። ድያን፣ አጥንቱ ሲሰበር ተሰምቶኛል። እኔ ድንጋይ አነሳሁና የአንዱን እንግዳ አፍ አደቀቅኩት፤ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ሌላው ጸጉሬን ይዞ መሬት ላይ ጎተተኝ፣ ሆዴን እየረገጠ። ቀና ስል እማ በማጭዷ የጉማንን የእጅ አንጓ ስትሸረክተው አየሁ። ደሙ ተፈናጥሮ የካንጃሉን ቅጠል ነጣ ያለ ጀርባ አቀላው። እንግዶቹ እባጩን ገንጥለው፣ ከግንዱ ብዙ ልጥ አብሮ ተገፍፎ፣ ጉማንን ጥለውት ሸሹ።

እሱ ሥሩ ላይ ተቀምጦ እጁን እያየ «እማ... እጄ» አለ። እናቱ በወሊድ ስትሞት ካንተ ጋር አንድ ጡት እየተጋራ ያደገ ሰው ሌላ ማንን ይጥራ? እማ ማጭዱን እንዳነሳች ቆማለች። እኔ «ጨርሺው!» ብዬ ጮህኩ። እውነቱ ይሄ ነው፤ ሞቱን ፈልጌ ነበር። እማ ግን ማጭዱን ወረወረችና ሻሿን ፈታች። ቢምላ የተሰበረ ክንዷን በደረቷ ደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ «ከክርኑ በላይ፣ ጠበቅ አድርጊው» ትላት ነበር። ተሸክመን አወጣነው። ሸክሙ የእኔም ጀርባ ላይ ነበር፤ ደሙ አንገቴ ላይ ሲወርድ እየረገምኩት ተሸከምኩት።

ሐኪሞቹ እጁን ማትረፍ አልቻሉም፤ ከክርኑ በታች ቆረጡት። ፖሊሶቹ ሲጠይቁት «ክንዷን የሰበርኩት እኔ ነኝ። እጄን የቆረጠችኝ እናቴ ናት፤ እሷን ተዉአት» አላቸው። የላኩትንም በስማቸው ተናገረ። ፍርዱን እየጠበቀ ነው። የቢምላ ክንድ ታስሯል፣ ጣቶቿ ግን ገና አልታዘዙላትም። ካንጃሉን ስትመረምር «ልጡ ዙሪያውን ቢላጥ ኖሮ ያበቃለት ነበር፤ በአንድ ጎን ስስ ልጥ ቀርታለች፣ ምግቡ በእሷ በኩል ወደ ሥሩ ይወርዳል» አለች። ይትረፍ አይትረፍ ጸደይ ይነግረናል።

እማ የላከችህን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ፦ «ጉማንን እኔ አጥብቼዋለሁ፣ እኔው ቆርጬዋለሁ። ከእኔ የተረፈ ቂም የለም። ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለኝ መጀመሪያ ደጃፉ ላይ የሚያገኘው እኔን ነው፤ ማንን እንደሚያስቀድም እዚያ ይምረጥ።» ይህን ስትናገር አላለቀሰችም። ከማልቀሷ ይልቅ አለማልቀሷ አስፈራኝ።

ቢምላ በግራ እጇ የጻፈችውን ስሟን ከታች ታያለህ፤ ሰላምታዋ እሱ ነው። ባለቤቴ ሰላም ይልሃል። አጎታችን ሳሉ አልለቃቸውም፣ ግን አንተን ሳያነሱ አይተኙም። ባቹ ይቅርታ ብሎሃል፤ አፉን ግን አልዘጋም። የጉማን ሚስት ጫይታም ይህን እየጻፍኩ ሳለ ደጃፍ ላይ ቆማ «ለድያን ሰላም በዪልኝ» አለች፤ ስትናገር ቀና ብላ አላየችኝም።

እህትህ ጃሱሊ
ዳርኮላ፣ በአሶጅ ወር፣ በሙሉ ጨረቃ ማግስት