ከእድሩ ድስቶች ቀጥሎ ስለተመዘገበው ባትሪዬ

ለተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ አስናቀው

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ እንዴት ከርሟል? እኛ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ደብዳቤዎ እስኪደርሰን ድረስ ደህና ነበርን።

የሶላር ባትሪዬን እስከ ሐሙስ ቀትር ለእድሩ እንዳስረክብ፣ እምቢ ካልኩም ከአባልነት እንደምሰረዝ የጻፉልኝን በአክብሮት አንብቤያለሁ። ያነበብኩት ከባለቤቴ ከአቶ ባዬ ተደብቄ ነው፤ ሳንባው የታመመ ሰው ንዴት አይችልም። እንደሚያውቁት የሚተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑን የሚያሠራው ይኸው ባትሪ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በጥር አያ አለነ ሲያርፉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለለቅሶው ድንኳን መብራት ባትሪውን ለአንድ ቀን አዋስኩ። ባለቤቴ ያን ሰሞን ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር ለጎረቤት ሐዘን ምን ይሰሰታል ብዬ ነው። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ሰርካለም ግን በሸጋ ጽሕፈታቸው ከድስቶቹ ቀጥለው፣ ከአግዳሚዎቹ በፊት፣ «የእድሩ ንብረት» ብለው መዘገቡት። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኼ ነው።

፪. ፓኔሎቹ ጣራዬ ላይ እንዲቀሩልኝ ኮሚቴው ስለፈቀደ ውለታውን አልረሳም። የገጠመልን ባለሙያ እንደነገረን፣ መብራት ሲጠፋ ፓኔሎቹ ያለ ባትሪ ምንም አያሠሩም፤ ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። ለኮሚቴው ግን ያለ ሥራ ፀሐይ መሞቅ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ እረዳለሁ።

፫. አንድ አባል ብቻውን ሊጠቀምበት አይገባም ብላችኋል። ባለቤቴ ትንፋሹን ለብቻው መያዙ ስግብግብነት መሆኑን ስላላወቅን ይቅርታ እንጠይቃለን።

፬. ማክሰኞ ረፋድ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ የላኳቸው አቶ ምናለ ባትሪውን «ለማየት ብቻ» መጥተው ገመዱን ነቀሉት። ማሽኑ ቀጥ አለ። አቶ ምናለ ደንግጠው ሲመልሱት የገመዱን መሰኪያ ሰበሩት፤ እኔ ሽቦውን በጥርሴ ልጬ በፕላስተር እስካስር የባለቤቴ ከንፈር ጠቆረ። ምነው አቶ አስናቀው! ሰው እኮ ነው፤ የአርባ ዓመት ጎረቤትዎ!

እንግዲህ ባትሪውን አልሰጥም። ሐሙስ ሰው ቢልኩ በሩን ተቆልፎ ያገኘዋል፤ እኔም ከበሩ ኋላ ነኝ።

ዕድሜና ሹመት ያብዛልዎ፤ የእድራችንንም ዕቃ ከሌባ ይጠብቅልን።

እጅ በመንሣት፣
ሐረገወይን፣ ከወለቃ መውጫ፣ የአቶ ባዬ ሚስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደንባችንን ደግሜ አየሁት። ባትሪውን ብሰጥ እድሩ ባለቤቴን በወግ በማዕረግ ይቀብርልኛል፤ ብከለክል ባለቤቴ ይኖራል፣ ቀባሪ ግን የለውም። ከማክሰኞ ወዲህ መደበቁ ስላልተቻለ ደብዳቤዎን ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ሁለታችንም ተማክረን ቀባሪ ማጣቱን መርጠናል።