እንዝርቷና ዋርሳዬ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ጠዋት ጭቃ፣ ከሰዓት ጸሐይ፣ መሃሉን ሞልቶ የዋርሳዬ ድምፅ። ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቶሎ። ይህ ሰው ሲወለድም አዋላጇን ሳያጣድፍ አልቀረም። እሱ በሌለበት ሠራተኛው “አቶ ቶሎ” ይለዋል። እኔ አለቃዬም የባሌ ታላቅ ወንድምም ስለሆነ በአፌ “እርስዎ” እለዋለሁ። በሆዴ የምለውን እዚህም አልጽፈው።

እራት ላይ አማቴ እንደገና ጠየቁኝ። እዚያ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለሽ ምንድን ነው የምትሠሪው? ለስንተኛ ጊዜ... እንደገና አስረዳኋቸው። በምሰሶና በምሰሶ መሃል ወፍራም ሽቦ ተወጥሯል። የስልኩ ኬብል ራሱን ችሎ አይንጠለጠልም፣ እዚያ ሽቦ ላይ ይታሰራል። የምታስረው ማሽን ሽቦው ላይ ተቀምጣ፣ ከታች በገመድ ስትሳብ እየተሽከረከረች፣ ሁለቱን አንድ ላይ በቀጭን ሽቦ ትጠመጥማለች። ስለምትሾር እንዝርቷ እንላታለን። የሚስባት ዋርሳዬ ነው። ምሰሶው ጋ ስትደርስ እኔ የቀጭኗን ሽቦ ጫፍ በመቆንጠጫ ብሎን ጥርቅም አድርጌ አስራለሁ፣ ከዚያ እቆርጣለሁ፣ ከዚያ እንዝርቷን አቅፌ ወደ ምሰሶው ማዶ አሻግራታለሁ። ማዶም እንደዚያው፣ አዲሱን ጫፍ መጀመሪያ ማሰር ነው። ያልታሰረ እያደር ይተረተራል።

ባሌ ከስፌት መኪናው ሳይነሳ ሳቀ። የኔው ሥራ እኮ ነው አለ፣ ክሩን ሳትቋጪ አትቁረጪ ነው ነገሩ።

አማቴ አልሳቁም። ታዲያ ለዚህ ምሰሶ ላይ መውጣት ምን አመጣው አሉ።

እውነቱን ልናገር... እንዝርቷን እንደ ዋርሳዬ የሚስባት የለም። ገመዱ በሱ እጅ ሲሆን አትንገጫገጭም። ይህን መጻፍ ራሱ ያንገበግበኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ማምሻውን ዝናብ አስገመገመ። እንዝርቷ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ሊያልቅ ስለሆነ ሌላ ከመኪናው ላመጣ ወረድኩ። ስመለስ ዋርሳዬ የመጨረሻው ምሰሶ ላይ ራሱ ወጥቶ፣ ቆርጦ፣ አሻግሮ ጨርሷል። አንቺን ስንጠብቅ ክረምት ይገባል አለኝ።

ጣቴን ሽቦ ቆርጦኝ ነበር፣ እሱንም አየ። “ስቶር ብትሆኚ ይሄ አያገኝሽም።”

ስቶር? ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?

አርብ፣ ግንቦት 8

ኬብሉ ወደቀ።

ያ የማክሰኞው የመጨረሻ ምሰሶ። ቀጭኗ ሽቦ ከጫፏ ጀምራ ተተርትራ፣ ኬብሉ ሌሊቱን ረግቦ ረግቦ፣ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና በጭነቱ ጠልፎ ጎትቶታል። ሰው አልተጎዳም። ሰፈሩ በሙሉ ስልክ የለውም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ መጣ። ማን ነው ያሰረው አለ።

ዋርሳዬ ዓይኑን ሳያሽ “እሷ ናት” አለ። በጣቱ እያሳየኝ።

እኔ አልነበርኩም፣ ጥቅል ላመጣ ወርጄ ነበር፣ እሳቸው ናቸው የወጡት አልኩ። የመኪናችንን ሾፌር አየሁት። እሱ ለካ በዝናቡ መስታወቱን ዘግቶ ተኝቶ ነበር፣ ምንም አላየም። ኃላፊው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ምሰሶ ላይ የመውጣቱ ሥራ የማን ነው? የኔ ነው አልኩ። በቃ፣ አለቀ። ከሰኔ ጀምሮ ስቶር ትገቢያለሽ።

ስቶር ማለት መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ጓንት ማደል፣ ብሎን መልቀም፣ አቧራ መዋጥ። እኔ እኮ ሰው የሆንኩት ምሰሶ ላይ ነው። ታች ሆኜ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት፣ የማን ምራት ነኝ... እዚያ ላይ ግን ማንም አይደለሁም፣ እኔ ነኝ። ይህን ነው የቀማኝ። በውሸት።

ቤት ገብቼ ተናገርኩ። አማቴ “ልጄ ውሸት አያውቅም” ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ባሌ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሾፌሩን ለምኜ ወደዚያ ምሰሶ ወሰደኝ። ወጣሁ። መቆንጠጫ የሚባል ነገር ዘሩም የለም። በእጅ ብቻ ተጠምዝዞ የተተወ የሽቦ ጭራ አለ፣ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት።

እኔ ግራኝ ነኝ። የኔ ጥምዝ በሙሉ ወደ ግራ ነው። ይሄኛው ወደ ቀኝ ነው።

ማታ ለባሌ ሰጠሁት። ስፌት መኪናው መብራት ሥር ይዞ ብዙ ቆየ። ልብስ ሰፊ ነው፣ የሰው እጅ ያውቃል። “ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም” አለ። እንግዲያው ለእናትህ ንገራቸው፣ ለኃላፊው ንገረው አልኩት። መልሶ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ። ወንድሜ እኮ ነው አለ... ደግሞ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አለኝ። እያደር ይጠራል። እስከዚያ እኔ ስቶር ውስጥ ልድረቅ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዋርሳዬን ለብቻው አገኘሁት። ጭራውን አሳየሁት። እርስዎ ነዎት የቆረጡት፣ ጥምዙን ይዩት አልኩ።

አየት አድርጎ ሳቀ። “ሽቦ ሽቦ ነው። አንቺ ግራኝ ስለሆንሽ ሰው ሁሉ ቀኝ እጁን ይቆረጥ?”

ቀጥሎ ድምፁን አለዝቦ ለደኅንነትሽ ብዬ ነው አለ። ወንድሜ ሚስቱን ከመሬት ላይ እንዲለቅም አልፈልግም አለ። አየ የአዞ እንባ። ለኔ አዝኖ ከሆነ ስሜን ለምን ጭቃ ይቀባዋል? ደህና አድርጌ ልሰድበው አፌን ከፈትኩና “እርስዎ” የምትለዋ ነገር አነቀችኝ። በእርስዎ ስድብ አይወጣም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ዋርሳዬ ሰኔን መጠበቅ አልቻለም። ዛሬውኑ አወረደኝ። ሌላ የሚወጣ ሰው ስለሌለ ራሱ ወጣ፣ ሆዱ ከቀበቶው እየቀደመ። እኔ ታች፣ ገመድ ሳቢ። አልችልበትም። እንዝርቷ በኔ እጅ እንደ እልኸኛ ፍየል ነው የምትሆነው... ትቆማለች፣ ትዘላለች። ከላይ ሆኖ ቶሎ ይለኛል።

ግን ዓይኔ ወደ ላይ ነበር። አየሁት። መጀመሪያ በእጁ ጠምዘዝ ያደርጋል፣ ይቆርጣል፣ ያሻግራል፣ መቆንጠጫውን መጨረሻ ላይ ትዝ ሲለው ያስገባል። ትዝ ካላለውስ? መጀመሪያ ይሰሩት ብዬ ጮህኩ። ከታች ሆኖ ማዘዝ መቼ ተጀመረ አለ።

እሁድ፣ ግንቦት 17

ዋርሳዬ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። የሠራሁትን ምግብ እያጣጣመ በላ። እጅሽ ይባረክ አለኝ። እጄ... የትኛው እጄ? ኬብል የጣለው?

ውሃ ቀዳሁለት፣ አላየሁትም። አማቴ በቤቴ ኩርፊያ አልወድም አሉ። ኩርፊያ አይደለም አልኩ፣ ጥላቻ ነው። ባሌ አጎንብሶ ከሸሚዙ ላይ የሌለ ክር ለቀመ። ዋርሳዬ ጎረሰ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው፣ ግራው አይሆንም። ፊደሎቼ የሕፃን ፊደል መስለዋል። ግን ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር እላለሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ነበርን። ቁልቁለት ላይ እንዝርቷ የሚስባት አያስፈልጋትም፣ በራሷ ትወርዳለች። የሚያስፈልጋት ከኋላ የሚይዛት ነው። ላይኛው ምሰሶ ሥር ቆሜ ገመዱን ምሰሶው ላይ አንዴ አዙሬ ያዝኩ። ዋርሳዬ ላይኛው ምሰሶ ላይ የአዲሱን ሽቦ ጫፍ አሰርኩ ብሎ ወረደና ታችኛው ምሰሶ ላይ ወጥቶ ቀበቶውን ቆልፎ ጠበቃት። ልቀቂ፣ ቶሎ ልቀቂ ይለኛል ከታች። ቀስ እያልኩ እለቃለሁ።

መንገዷን አጋምሳ ነበር። ከራሴ በላይ ጭር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና አልኩ። መቆንጠጫ የለም። እንደገና የለም። በእጅ የተጠመዘዘው ጫፍ እየተፈታ ነው... ከዚያ አመለጠ። ሽቦው ከነበረበት ተስፈንጥሮ ሲሄድ እንዝርቷን ከኔ ገመድ በቀር የሚይዛት ጠፋና በረረች። ያን ያህል ብረት፣ ቀጥ ብሎ ወደሱ። በቀበቶ የታሰረ ሰው የት ይሸሻል? አያትና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

ገመዱ በእጄ ውስጥ ይሮጣል። ልጻፈው እንዴ? እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው። ልቀቂው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ማንም አይጠይቅሽም፣ የገዛ እጁ ነው የገደለው፣ ልቀቂው። እንደዚህ ነው ያልኩት፣ በግልጽ፣ በሙሉ ልቤ።

እጄ አልሰማኝም። እግሬን ምሰሶው ላይ ተክዬ ጨበጥኩ። ጓንቱ ተቃጥሎ ተበሳ፣ ቀጥሎ ቆዳው። ከደረቱ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ሾፌሩ እየሮጠ መጥቶ ገመዱን መኪናው ላይ አሰረልኝ። ከዚያ ሄዶ ዋርሳዬን አወረደው፣ ቀበቶውን መፍታት አቅቶት ነበር። ዳገቱን ወጥቶ ፊቴ ቆመ። መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፣ እጆቼ ጭኔ ላይ ተዘርግተዋል። ሾፌሩን ኪሴ ውስጥ ያለውን አውጥተህ ስጠው አልኩት። አወጣ። ያችን የሽቦ ጭራ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

“ያንተ ነው። ተቀበል።”

አንተ አልኩት። አፌ ላይ እንዴት ቀለለኝ።

ቀና ብሎ ላይኛውን ምሰሶ አየ። ቀጭኗን በእጁ ጠምዝዞበት የነበረው ወፍራም ሽቦ ባዶውን ነው፣ መቆንጠጫው ገና ከወገቡ ከረጢት ውስጥ ነበር። ሾፌሩም ያንን አየ፣ እጁ ላይ ያለውንም አየ። አይ አቶ ቶሎ አለው፣ ፊት ለፊቱ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ያማል። አማቴ በማንኪያ አበሉኝ። 

አርብ፣ ግንቦት 22

ሾፌሩ ሊጠይቀኝ መጣ። ወሬውን ይዞ።

ዋርሳዬ ዛሬ ጠዋት ሠራተኛው በተሰበሰበበት ኃላፊው ፊት ቆሞ የወደቀውን ኬብል ሽቦ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሳላስር ነው የቆረጥኩት፣ እሷ አልነበረችም ብሏል። ከአለቃነት አንስተውታል። አዝኖ ነው? ፈርቶ ነው? ወይስ ሾፌሩ ስላየ ሌላ መውጫ ስላጣ? አላውቅም። ልወቅም አልልም። ያለው ይበቃኛል፣ ስሜ ታጠበልኝ። ስቶሩም ቀረ፣ እጄ ሲድን ምሰሶዬ ይመለስልኛል።

አማቴ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። እራት አልበሉም። መብራት ስናጠፋ ከክፍላቸው “ዋሽቷል ማለት ነው?” አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ፋሻዬን ሲቀይርልኝ እኔ እኮ አውቅ ነበር አለኝ፣ እንደ ማጽናኛ።

“ታውቅ ነበር። የማልምርህም ለዚያ ነው” አልኩት።

ፋሻውን ቋጨና ትርፉን ቆረጠ። በቅደም ተከተሉ። እሱስ ያውቅበታል።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ዛሬ ወጣሁ።

መዳፌ አዲስ ቆዳ አውጥቷል፣ ሮዝ ነው፣ የሰው እጅ ይመስላል የኔ አይመስልም። ጠዋት ኃላፊው ታች ማንን ልመድብልሽ አለኝ። አዲስ የተቀጠረ አለ፣ ጎበዝ ነው፣ ትሑት ነው አለ። ሾፌሩም በዓይኑ እሱን ውሰጂ ይለኛል።

ዋርሳዬ ጥግ ቆሞ ብሎን ይለቅም ነበር። ይቅርታ አላለኝም። እስከ ዛሬ አላለኝም። ቤት ሲመጣ እኔ እወጣለሁ። ባሌን የማናግረው ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ነው። አማቴ ግን አሁን ወደ ሥራ ስወጣ ጓንትሽን ያዝሽ ወይ ይላሉ፣ ሌላ ነገር አይሉም።

“እሱን” አልኩ። በጣቴ እያሳየሁት።

ኃላፊው ታርቃችሁ ነው እንዴ አለ። አልታረቅንም አልኩት፣ ገመዱን ግን እሱ ይያዝ። ያለምክንያት አይደለም። መጥላቴ ሌላ፣ ሥራው ሌላ። እዚያ ላይ ተንጠልጥዬ እንዝርቷ ወደኔ ስትመጣ የሚስባት ልመድ የሚል ሰው እንዲሆን አልፈልግም።

የመጀመሪያው ምሰሶ ጋ ደረሰች። ዝግ ብላ፣ ሳትንገጫገጭ፣ ውሃ ላይ እንደምትሄድ። ጭራዋን በግራ እጄ አዞርኩ፣ መቆንጠጫውን አስገባሁ፣ አጠበቅኩ። ከዚያ ሆን ብዬ ፈታሁት። እንደገና አጠበቅኩ። ቁልቁል አየሁት። ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ቀና አድርጎ ይጠብቃል። ቶሎ የምትለዋን ቃል አፉ ላይ አየኋት፣ ዋጣት። እንደገና ፈታሁት። ጸሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ናት፣ አልተንቀሳቀሰም።

ሲበቃኝ ቆረጥኩ። እንዝርቷን አቅፌ አሻገርኳት፣ የማዶውንም ጫፍ አሰርኩ።

“ሳብ” አልኩት።

ሳበ።